ትልቅ ውሻ ይዞ ለሥራ ወደ ጀርመን

ለሥራ ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው ቪዛውም ውሉም ባሰበው ጊዜ ቢያልቅለት፣ ከአዲስ አበባ አብሮት የሚሄደው ውሻ ዝግጅት ግን ከዜሮ ከተጀመረ ከአራት ወር በታች አያልቅም። ትልቁ መሰናክል ብዙዎች እንደሚገምቱት የአውሮፕላን ዋጋ ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ስላልጠፋ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከክትባት ወረቀት በተጨማሪ የደም ምርመራ ይጠይቃል።

ነገሩ የሚጀምረው በማይክሮቺፕ ነው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጠው መለያ በመርፌ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ በማንበቢያ መሣሪያ ሲታይ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ያወጣል። ክትባቱ የሚሰጠው ቺፑ በገባበት ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። በየዓመቱ ሲከተብ የኖረና ካርዱ በማኅተም የተሞላ ውሻ እንኳ፣ ቺፕ ከመግባቱ በፊት የተወጋው አይቆጠርለትም፤ እንደገና ይከተባል። ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ሐኪሙ ደም ይቀዳለታል። ናሙናው ኅብረቱ እውቅና ወደሰጠው ቤተ ሙከራ ተልኮ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት አንቲቦዲ መገኘት አለበት። ውጤቱ ካማረ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል።

ብዙ ባለ ውሾችን የሚያበሳጨው ይህ ሦስት ወር ነው። ምርመራውን ያለፈ ውሻ ስለ ምን ይጠብቃል? መልሱ በበሽታው ጠባይ ውስጥ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ያመራል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምልክት አይታይም። ከመከተቡ በፊት የተነከሰ ውሻ ክትባቱ ያስገኘለት አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ ሳለ በሽታውንም ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ጠቃሚ ቀዳዳ አለ። በአዲስ አበባ ኤምባሲዎች ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለመሥራት ከአውሮፓ የሚመጡ ሰዎች የውሻቸውን ደም ከመነሳታቸው በፊት እዚያው አስመርምረው በውሻው ፓስፖርት ላይ ካስመዘገቡ፣ ሲመለሱ ሦስት ወሩ አይመለከታቸውም። ክትባቱ ሳይቋረጥ እስከታደሰ ድረስ ምርመራው ለውሻው ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሌሎች አገሮችም መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ፍርሃታቸው ተመሳሳይ ነው። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ለሚመጡና በውጭ አገር ለተከተቡ ውሾች፣ በቂ የደም ምርመራ ካልቀረበ የ28 ቀን ለይቶ ማቆያ ታዛለች። ጃፓን ከደም ናሙናው በኋላ 180 ቀን ታስጠብቃለች። ብሪታንያ በአየር የሚመጣን ውሻ የምትቀበለው በካርጎ ሲሆን፣ ከመድረሱ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ አንድ ጥገኛ ትል የሚያጠፋ መድኃኒት እንዲሰጠው ታዛለች። የአውስትራሊያው ከሁሉም ይከብዳል፤ ወረቀቱ ተሟልቶ እንኳ ውሻው ሜልቦርን አጠገብ በሚገኘው በሚክልሃም ማቆያ ቢያንስ 10 ቀን ይቀመጣል።

ሠራተኛው ቀድሞ ሄዶ ቤተሰቡ ውሻውን ከወራት በኋላ እንዲልክለት ማሰቡም የተለመደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ባለቤቱና ውሻው ከአምስት ቀን ባልበለጠ ልዩነት እንዲጓዙ ይጠይቃል። ከዚያ ካለፈ ጉዞው እንደ ንግድ ዝውውር ይታያል፤ የወረቀቱም ዓይነት ይለወጣል። በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈረመው የጤና የምስክር ወረቀትም አውሮፓ መግቢያ በር ላይ እስኪደረስ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ብቻ ነው፤ በረራ ከተራዘመ ሩጫው እንደገና ይጀመራል።

የውሻው ግዝፈት ራሱን የሚያሳየው አውሮፕላን ላይ ነው። ብዙ የአውሮፓ አየር መንገዶች ተሳፋሪ ክፍል ውስጥ የሚፈቅዱት ከነመያዣው እስከ 8 ኪሎ የሚመዝነውን ነው፤ የቀረው ግፊቱና ሙቀቱ ወደተስተካከለለት የዕቃ ክፍል ይወርዳል። የሳጥኑን መጠን የሚወስነው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ ያወጣው ቀመር ነው። ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥር ባለው ልክ ላይ ከመሬት እስከ ክርን ያለው ቁመት ግማሽ ሲደመርበት የሚገኘው ነው፤ ወርዱ የትከሻው ስፋት እጥፍ ነው፤ ቁመቱ ውሻው ቆሞ ጭንቅላቱ ወይም ጆሮው የሚደርስበት ነው። ለአንድ ጀርመን ሼፐርድ ይህ 100 በ60 በ72 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ካርጎ ቤት ደግሞ የሚያስከፍለው ሚዛኑ ላይ በሚታየው ብቻ አይደለም። ሦስቱ ልኮች ተባዝተው ለ6,000 ሲካፈሉ 72 ይመጣል፤ ውሻው ከነሳጥኑ 50 ኪሎ ቢመዝንም ሒሳቡ የ72 ኪሎ ነው። ግሬት ዴን ሌላ ጣጣ አለበት። ወንዱ ትከሻው ላይ ብቻ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ሳጥኑ አንድ ሜትር ያህል ይቆማል፤ የቦይንግ 737 የዕቃ ክፍል በር ግን ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በሰፊ አውሮፕላን የተጫነ ውሻ ከዚያ ወደ ትንሽ ከተማ በሚያቀጥለው ጠባብ አውሮፕላን ሳይጫን ሊቀር ይችላል። ፍራንክፈርት ወርዶ በመኪና መሄድ ይሻላል።

ማስተኛ መድኃኒት መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የደም ግፊትንና አተነፋፈስን ያዳክማል፣ ውሻው አውሮፕላኑ ሲዘም ራሱን እንዳይደግፍ ያደርጋል፤ አየር መንገዶችም የደነዘዘ እንስሳ አይጭኑም። እንደ ቦክሰር ያሉ አፍንጫቸው ድፍጥ ያለ ውሾች በሙቀት ቶሎ ስለሚታፈኑ ጨርሶ የማይቀበሏቸው አሉ። የሚሠራው ልምምድ ነው። ሳጥኑ ከጉዞው ብዙ ሳምንታት ቀድሞ በሩ ተነቅሎ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ምግቡ መጀመሪያ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይቀርባል፤ ውሻው በፈቃዱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩ ይመለሳል።

ጀርመን ከተገባ በኋላም የዘሩና የመጠኑ ነገር አያበቃም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒት ቡል ቴሪየር፣ አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየር፣ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር፣ ቡል ቴሪየርና ድቅሎቻቸው ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ኮሎኝና ቦን በሚገኙበት በኖርድራይን ቬስትፋለን ክፍለ ግዛት ትከሻው 40 ሴንቲ ሜትር ወይም ክብደቱ 20 ኪሎ የደረሰ ውሻ በሕግ «ትልቅ» ተብሎ ይመዘገባል። ባለቤቱ ስለ ውሻ አያያዝ ማወቁን ያስመሰክራል፣ የጉዳት መድን ይገዛል፣ ከተማ ውስጥም ውሻውን በማሰሪያ ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ የተለመደው ሮትዋይለር እዚያ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የውሻ ግብሩን የሚወስነው እያንዳንዱ ከተማ ነው።

ቤት መከራየት ሌላው ፈተና ነው። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. በኪራይ ውል ላይ ውሻንና ድመትን በጅምላ የሚከለክል አንቀጽ ዋጋ እንደሌለው ወስኗል፤ አከራዩ የእያንዳንዱን ሁኔታ መመዘን አለበት። ሆኖም ገና ውል ያልፈረመ አከራይ ከብዙ አመልካቾች መካከል ውሻ የሌለውን ቢመርጥ የሚያግደው የለም። ስለዚህ ቤቱ ውሻው ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ቢያዝ ይመረጣል። ዕድሜውን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ የኖረ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚጮህና ማሰሪያ የማያውቅ ውሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢቀመጥ እርሱም ጎረቤቱም ይቸገራሉ። እንዲህ ያለውን፣ በተለይ ካረጀ ወይም ልቡን ከታመመ፣ ለሚያውቀው ዘመድ ትቶ መሄድ ከማጓጓዝ የተሻለ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።