የሕፃናት ሐኪም ትምህርት ከምረቃ በኋላ

አርሊንግተን በምትገኝበት ቨርጂኒያ የሕክምና ፈቃድ በየ2 ዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ የጤና ክትትልንና ክትባትን የሚመራው የመጀመሪያ ደረጃ የሕፃናት ሐኪምም እንደ ሌሎች ሐኪሞች በዚህ ጊዜ ውስጥ 60 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ዕውቀትን የሚያድስ ሥልጠና፣ እንዲወስድ ይጠበቅበታል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሜሪላንድ ግን 50 ሰዓት ትጠይቃለች። ሰዓት መቁጠር ሐኪሙ መገኘቱን እንጂ መማሩን አያረጋግጥም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫን ለማቆየት በፈተና ማዕከል ከሚሰጠው ፈተና ጎን ለጎን ያቀረበው አማራጭ፣ ሐኪሙ በየሩብ ዓመቱ ጥያቄዎችን መጻሕፍት እያገላበጠ እንዲመልስና የመልሱን ምክንያት ወዲያው እንዲያነብ ስለሚያደርግ፣ ከእውነተኛው የክሊኒክ ሥራ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። የሐኪሙ ፈቃድ የጸና መሆኑን ማንኛውም ወላጅ ከቨርጂኒያ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መዝገብ በነጻ ማየት ይችላል።