የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሱፐርቫይዘሮች ሥልጠና፦ አስፈላጊነቱና ፈላጊው



በልብስ ስፌት ፋብሪካዎቻችን የሱፐርቫይዘሮች ሥልጠና እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ ፈላጊው ስለምን አነሰ? የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በቅድሚያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። በስፌት መስመር ላይ አንድ ሸሚዝ በብዙ እጆች ያልፋል፤ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። አንዷ ብትዘገይ ሥራው ከፊቷ ይከመራል፤ ከእርሷ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ። ይህን ማመጣጠን፣ ጉድለትን በጊዜ ማረም፣ በቀረችው ሠራተኛ ምትክ ሌላ መመደብ የሱፐርቫይዘሩ ተግባር ነው። ለዚህ ኃላፊነት የሚታጨው ግን ብዙውን ጊዜ በስፌት ችሎታው የተመሰገነ ሠራተኛ ነው። መስፋትና ሰውን መምራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። መምራትን ሳይማር አለቃ የሆነ ሰው በእጁ ያለው መሣሪያ ቁጣ ብቻ ይሆናል።

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በ5 የኢትዮጵያ ድርጅቶች አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሥራ ካገኙት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። ድርጅቶቹ ሁሉም የልብስ ፋብሪካዎች አልነበሩም፤ የደመወዝ ማነስና የሥራው አድካሚነትም ቀላል ምክንያቶች አይደሉም። ስለዚህ ሥልጠና ብቻውን መፍትሔ ነው አልልም። ሆኖም የዓለም ሥራ ድርጅት በሚመራው የቤተር ወርክ መርሐ ግብር ላይ የተካሄደ ግምገማ፣ ሴት ሱፐርቫይዘሮች በሠለጠኑባቸው መስመሮች ምርታማነት በ22 በመቶ ማደጉን አመልክቷል።

ታዲያ ባለፋብሪካው ስለምን ገንዘብ አያወጣም? ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳብራራው፣ ሠራተኛው ወደ ሌላ ድርጅት ይዞት ሊሄድ ለሚችለው ክህሎት አሠሪው ወጪ ለማድረግ ያመነታል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎቹ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ያሠለጠነውን ጎረቤቱ ጥቂት ጨምሮ ሊወስድበት ይችላል። በዚህ ላይ ወጪው የዛሬ ሲሆን ጥቅሙ የነገ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ ደግሞ ነገ ራሱ ይበልጥ አጠራጣሪ ሆኗል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የተመዝጋቢው ማነስ የችግሩን ማነስ እንደማያመለክት ነው። መፍትሔውም ከአንድ ፋብሪካ አቅም በላይ ነው። በአንድ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች ወጪውን እንደ ሠራተኞቻቸው ብዛት ቢጋሩት አንዱ ከሌላው የመንጠቅ ሥጋቱ ይቀላል። ሥልጠናው በአጫጭር ክፍለ ጊዜያት፣ በሥራው ቦታና ሠራተኞቹ በሚናገሩት ቋንቋ ሊሰጥ ይገባል፤ በሐዋሳ ሲዳምኛን የዘነጋ ሥልጠና ግማሽ ሥልጠና ነው። ውጤቱም በምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ በመስመሩ ላይ በቀሩት ሠራተኞች ቁጥር ይለካ።

ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርእስ ስትመርጡ ይህን መለኪያ እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።