ስትሮክ ሲያጋጥም፦ መርፌ ሳይሆን መኪና ፈልጉ



እሁድ ጠዋት ነው እንበል። በጎንደር ከተማ በአንድ ጉባኤ መካከል አንዲት እናት እየዘመሩ ሳለ አፋቸው ድንገት ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ የያዙት መጽሐፍ ቅዱስም ከእጃቸው ይወድቃል። አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» ይላል። ሌላው «መጋኛ መቷቸው ነው» ይላል። ሦስተኛው በስልኩ የደረሰውን መልእክት አስታውሶ ጣታቸውን የሚወጋበት መርፌ ይፈልጋል። የቀሩት ከበው ይጸልያሉ። ሁሉም የሚያደርገው ከፍቅር ነው። ነገር ግን መኪና የሚፈልግ ሰው ከመካከላቸው ከሌለ የእኚህ እናት ጊዜ በከንቱ እያለፈ ነው።

ስትሮክ ምንድን ነው?

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው የደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሴሎች እንደሚሞቱ ሐኪሞች ይገምታሉ።

ምልክቶቹ በድንገት ይመጣሉ። ሰውየውን ፈገግ እንዲል ጠይቁት፤ ፊቱ በአንድ በኩል ይወርዳል? ሁለት እጆቹን ከፍ እንዲያደርግ ንገሩት፤ አንዱ ዝሎ ይወድቃል? አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እንዲደግመው ጠይቁት፤ አንደበቱ ይኮላተፋል? ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካያችሁ አትጠብቁ። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢጠፋም «ተሻለው» ብላችሁ አትቅሩ፤ ለሚመጣው ከባድ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ባህላዊው እርዳታ

ጣትን ወይም የጆሮ ጫፍን በመርፌ ወግቶ ማድማት ሰውን ከስትሮክ ያድናል የሚል መልእክት ከብዙ ዓመታት በፊት በኢሜይል ተሰራጭቶ ነበር፤ ዛሬም በስልክ ይዞራል። ከጣት የሚወጣው ጠብታ ደም ግን አንጎል ውስጥ ያለውን መዘጋት አይከፍትም። ዋግምትም እንዲሁ ነው። ዳማከሴ ጨምቆ፣ ቡና ወይም ውኃ በአፍ ማድረግ ደግሞ አደገኛ ነው። ስትሮክ የያዘው ሰው መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል የጠጣው ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም በቤት አትስጡ። ስትሮኩ ከመድማት የመጣ ከሆነ ያባብሰዋል፤ መዘጋት ይሁን መድማት የሚለየው በሲቲ ስካን ምርመራ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ምልክቱ የጀመረበትን ወይም ሰውየው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ያዙ።
• ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት፤ የጠበቀ ልብሱን አላሉለት።
• ምንም ነገር በአፉ አትስጡ።
• የሚወስደውን መድኃኒት ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ይህ መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል እንኳ የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ አተነፋፈስንና አመጋገብን መከታተል ሕይወት ያተርፋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ቀበሌዎች ደግሞ አስቀድሞ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በደጋው ያላችሁ ወገኖች፣ የአምቡላንስና የባለ መኪና ስልክ ዛሬውኑ መዝግቡ። አንድ ሰዓት በዳማከሴ ፍለጋ ሲያልፍ ለእናንተ ኪሳራው ከከተማው ሰው የበለጠ ነው።

ሳይመጣ መከላከል

የስትሮክ ትልቁ መንስኤ የደም ግፊት ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳይለካ አያውቀውም። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመከራል። በበርበሬው፣ በሽሮው፣ በወጡ፣ አንዳንድ ቤት በቡናውም የሚገባው ጨው ሲደመር ከዚህ ያልፋል። ስኳር በሽታን መቆጣጠር፣ ሲጋራና መጠጥን መተው፣ በእግር መሄድም ይረዳል። ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ብቻም አይደለም፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶችንም ይይዛል።

እዚህ ላይ በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለ። ከመካከላችን ከተጸለየላቸው በኋላ የግፊት መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ አሉ። ጌታ ኢየሱስ አሥሩን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ልኳቸዋል፤ መንጻታቸው እንዲመረመር ማለት ነው። እኛም ተፈውሰናል ብንል ሐኪም ፊት ተለክተን እናሳይ። መለካትን የሚፈራ ፈውስ የለም። ሐኪሙ ሳያዝ ግን ክኒናችንን አንተው። ረጅም ጾም የምንጾምም ከሆነ ስለ መድኃኒታችን አስቀድመን እንጠይቅ።

ጸሎቱስ? እንጸልይ እንጂ! ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸልዮ ነበር፤ እግዚአብሔርም ሰማው። ይሁን እንጂ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። ጸሎቱ ሕክምናውን አላስቀረም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አንዱ መኪና ይጥራ፣ ሌላው ሰዓት ይያዝ፤ የሚጸልየውም መኪናው ውስጥ ገብቶ እየጸለየ ይሂድ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከመካከላችሁ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ካለ በወር አንድ ጊዜ ከአምልኮ በኋላ የምእመናንን ግፊት እንዲለካ ብታደርጉ መልካም ነው።

ጌታ ቤተሰባችሁን ይጠብቅ።