የዶሮን ዓይን የሚያሳውር ቁንጫ

ልጆች ሆይ፤ በመካነ ሰላም ገጠር ዶሮ በቆጥ ላይ ሆና ከባለቤቶቿ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ታድራለች። የከብት ሐኪም ሩቅ ነውና ሕመሟን አስቀድሞ የሚያይላት ባለቤቷ ነው።

በዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጤፍ የመሰሉ ነገሮች ተጣብቀው ብታዩ፥ ቁንጫዎች ናቸው። ደሟን ይመጥጣሉ፤ ዓይኗም ያበጠ እንደ ሆነ ጥሬውን ማየት ተስኗት በራብ ትሞታለች። ቫዝሊን በስሱ ቢቀቡባቸው ትንፋሽ አጥተው ይሞታሉ፤ ከዚያም በወረንጦ ቀስ ብሎ መንቀል ነው። ላምባ ግን ዓይን ያጠፋልና አይቀባም።

ነገር ግን የቁንጫው ዕንቁላል ከቆጡ በታች ወድቆ በትቢያው ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ ኩሱንና ጉድፉን በየሳምንቱ ጠርጎ የማያቃጥል ሰው፥ ዛሬ ያዳነውን ዓይን ነገ ታሞ ያገኘዋል። ክፉ ልማድም እንዲሁ ነው፤ የታየውን ብቻ ነቅሎ መፈልፈያውን የሚተው ሰው ድካሙ አያልቅም።