የአሠልጣኙና የባለቤቱ መታሰቢያ

በአሜሪካ ኮሌጆች አንድ የተመሰገነ ልማድ አለ። ለብዙ ዘመን ወጣቶችን ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ከዚህ ዓለም ሲለይ፥ የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በእርሱና በባለቤቱ ስም የነፃ ትምህርት ዕድል ያቆማሉ። ዋናው ገንዘብ ተጠብቆ ሥራ ላይ ይውላል፤ በየዓመቱም ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ያህል ብቻ እየተቀነሰ ለተማሪ ይሰጣል። ስለዚህ 100,000 ዶላር ቢቀመጥ በዓመት 4,000 ወይም 5,000 ዶላር ያህል ይገኝበታል፤ ሰጪዎቹ ካለፉም በኋላ ምንጩ አይደርቅም።

ነገር ግን፥ «ያሠለጠነው ባልየው ሲሆን የሚስቱ ስም ስለ ምን አብሮ ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ጥያቄ የአሠልጣኝ ጆን ዉደን ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጣል።

ዉደን በ1910 በኢንዲያና ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ኔሊ ራይሊን ያወቋት ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ነው። በ1932 ሊጋቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፥ ያጠራቀሙትን 909 ዶላር ከ5 ሳንቲም ያስቀመጡበት ባንክ ከሠረ፤ ጋብቻው ግን አልቀረም። በእንግሊዝኛ መምህርነት ጀምረው፥ ከ1948 እስከ 1975 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆኑ። በመጨረሻዎቹ 12 ዓመታት ቡድናቸው 10 ጊዜ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በዚህ ሁሉ ዝና መካከል፥ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ዞር ብለው ባለቤታቸውን በዓይናቸው መፈለግ ከወጣትነት ጀምሮ ልማዳቸው ነበር።

ከ52 ዓመት በላይ በትዳር ከኖሩ በኋላ፥ ኔል በመጋቢት 21 ቀን 1985 ዐረፉ። ዉደን ለብዙ ዓመታት ወሩ በገባ በ21ኛው ቀን ደብዳቤ እየጻፉ በትራሳቸው ላይ ያኖሩላቸው ነበር። በ2003 ዩኒቨርሲቲው የመጫወቻውን ሜዳ በስማቸው ሊሰይም ሲነሣ፥ የኔል ስም እንዲቀድም ጠየቁ። እንደ ቃላቸውም ተደረገ፤ ሜዳው ዛሬም የኔልና የጆን ዉደን ሜዳ ይባላል። እርሳቸውም በ2010 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ነገር ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን በጻፈው መልእክት ሰላምታ ሲያቀርብ፥ ጵርስቅላን ከባሏ ከአቂላ አስቀድሞ ጠርቷታል። አጵሎስን ያህል ሰው ያስተማሩትም ባልና ሚስቱ አንድ ላይ ሆነው ነው። በአገራችንም የአብነት ተማሪ ዜማውንና ቅኔውን ከመምህሩ ቢቀበልም፥ ቁራሹን የተቀበለው ከእናቶች እጅ ነው። ሊቅ ሆኖ ሲወጣ የመምህሩ ስም ይጠራል፤ ያበላችው እናት ግን ማን እንደ ነበረች የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ ወይም ላስተማራችሁ ሰው መታሰቢያ ስታስቡ፥ ጸሎቱና ተዝካሩ በሥርዐቱ ይፈጸም፤ ነዳያንም ይመገቡ። ነገር ግን ለይሉኝታ ተብሎ ለድግስ ከሚጨመረው ገንዘብ ቀንሶ አንድ ድኻ አደግ ልጅ ማስተማር ይቻላል። ለዚህም መቶ ሺህ አያሻም። ወንድማማቾች ወይም የአንድ መምህር ተማሪዎች ተሰብስበው የአንድ ልጅ የዓመት ወጪ ምን ያህል እንደ ሆነ ይቁጠሩ፤ በየወሩም የሚችሉትን ያዋጡ። የባንክ ወለድ ብዙ ጊዜ የኑሮን ውድነት ስለማይችል፥ መዋጮው በየዓመቱ ይታደስ። ሒሳቡ በሁለትና በሦስት ሰው ፊርማ ይጠበቅ፤ ክፍያውም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይግባ። ልጁን ለመምረጥ የሰበካ ጉባኤው ቢጠየቅ፥ የሠፈሩን ችግረኛ ከሌላው ይልቅ ያውቃል።

መታሰቢያው ሲሰየምም የአባትዬው ስም ብቻ አይጻፍ። ልጁ በማን ስም እንደሚማር ሲጠየቅ፥ የሁለቱንም ስም መጥራት ይቻለው።