በልክ የተሠራ ጫማና በአርአያው የተፈጠረ ሰው



በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፥ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ይገኛል። የሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ እግር ስሜቱን ያጣል፥ ሲቆስልም አያውቀውም። ስለዚህ በዚያ ለሕሙማን ጫማ በየእግራቸው ልክ ሲሠራላቸው ኖሯል፤ የአንዱ ጉዳት የሌላውን አይመስልምና።

ዛሬ እንዲህ ያለውን በልክ የሚታዘዝ ሥራ ስሪዲ ፕሪንተር የሚሉት የማተሚያ መኪና ይሠራዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ሀል እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ብልሃት ፈሳሹ በብርሃን እየጠነከረ፥ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደረበ፥ የታዘዘው ዕቃ ይወጣል።

ነገር ግን ልብ እንበል። ሰው ሲሠራ ትእዛዝ፥ ንድፍና ጥሬ ዕቃ ይሻል። እግዚአብሔር ግን ማንም ሳይለምነው ፍጥረትን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣ፤ ሰውንም ከምድር አፈር አበጅቶ በአርአያው አከበረው። ዕቃ ለጥቅም ይሠራል፤ ጥቅሙ ሲያልቅ ይጣላል። እኛ ግን የተፈጠርነው እርሱ ጎድሎበት ሳይሆን ከፍቅሩ የተነሣ፥ ስሙን ቀድሰን ክብሩን እንድንወርስ ነው።

እንግዲህ ጣቶቹ የጎደሉ፥ መሥራትም የተሳነው ወንድማችን ከሰውነት ክብሩ አንዳች አልጎደለበትም። እጃችንም መኪናችንም የተሰጡን ይህን ወንድም እንድናገለግልባቸው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።