ኮርቻውን ማን ዝቅ ያድርገው?

ፈረሰኛ ቁልቁለት ሲወርድ ልብ ብሎ ያየ አንባቢ አይጠፋም። እግሩን በእርካቡ ላይ ያጠነክርና ሰውነቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ክብደቱን ወደ ፈረሱ ዳሌ ያሳልፋል። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የፈረሱ ሙያ ግን ከማኅበሩ በፊት የነበረ የአባት የእናት ሀብት ነው። ታዲያ ይኸው የአዊ ልጅ ከፈረስ ወርዶ ቢስክሌት ላይ በወጣ ጊዜ ያንን ሁሉ ዕውቀት የሚነፍገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከበታቹ እንደ ጉቶ ተገትሮ «ወደ ኋላ አላሳልፍም» የሚለው ኮርቻ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ወዳጃችን ነው። እንጅባራ በመምህርነት ይሠራል፤ ወላጆቹ ዳንግላ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በተራራ ቢስክሌቱ ወደ ቤተ ሰቡ ይወርዳል። ይወርዳል ማለታችን ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ሲኖራት ዳንግላ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱስ ምንም አይልም። ወዳጃችን ግን አዲስ ቅዳም አካባቢ ሲደርስ አስፋልቱን ትቶ፣ ገበሬው ለከሰል በሚተክለው የዲከረንስ ዛፍ መካከል በእግር መንገድ መግባት ይወዳል። አንድ ቀን ዝናብ ሸርሽሮ ቦይ ካበጀው ቁልቁለት ላይ ደረሰና ደንግጦ የፊት ፍሬኑን ጨመቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው በመሪው ላይ አልፎ መብረሩን ብቻ ነው። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው በተፈታለት ሳምንት «ከደመወዜ ያጠራቀምኳት ጥቂት ገንዘብ አለች፤ ኮርቻ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ልገዛ ነውና የቱን ልግዛ?» ሲል ጠየቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳና ዳገት ላይ ኮርቻው ከፍ ማለት አለበት፤ ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ብቻ እጥፍ እንዲል ነው። ዝቅ ባለ ኮርቻ ዳገት የሚወጣ ሰው ጉልበቱን ያቃጥለዋል እንጂ ብዙ አይራመድም። ቁልቁለት ላይ ግን ያው ከፍታ ጠላት ይሆናል፤ ዳሌን ወደ ፊት ስለሚገፋው ፍሬን በተያዘ ጊዜ የሰውየው ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። ኮርቻው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ነጂው እንደ ፈረሰኛው ወደ ኋላ ማለት ይችላል።

ለዚህ የተበጁት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቡሎን ፈንታ በእጅ የሚከፈት መያዣ ያለው ማጥበቂያ ቀለበት ነው። የመያዣው ሥር መሐሉ ወደ አንድ ጎን ያደላ ስለ ሆነ፣ ሲታጠፍ ቀለበቱን ስቦ የኮርቻውን ዘንግ ያንቀዋል፤ ሲገለጥ ይለቀዋል። ቁልፍ አያሻም፤ መውረድ ግን ያሻል። ሁለተኛው ድሮፐር የሚባለው ዘንግ ነው። ነጂው መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መጫኛ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲቀመጥበት ዘንጉ ይሰምጣል፤ ተነሥቶ እንደገና ሲጫናት በውስጡ የታመቀው አየር ወይም ሞላ መልሶ ያነሣዋል። መቆም የለም።

በሁለቱ መካከል አንድ ደግ ፈጠራ ነበረ። ከመጀመሪያዎቹ የተራራ ቢስክሌት ሠሪዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ጆ ብሪዝ ከጓደኛው ከጆሽ አንጄል ጋር ሆኖ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984፣ በኮርቻው ዘንግና በቢስክሌቱ አካል መካከል ሞላ አሰረ። ነጂው ሳይወርድ ማጥበቂያውን ከፍቶ ሲጫነው ኮርቻው ይወርዳል፤ ብድግ ሲልለት ሞላው ያነሣዋል። ዛሬ ድሮፐሩ ቦታውን ወስዶበታል። ድሮፐርም ቢሆን የተራራ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ መጋቢት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ስሎቬናዊው ማቴይ ሞሆሪች ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የሚላኖ ሳንሬሞ የአስፋልት ውድድር ያሸነፈው፣ በመጨረሻው የፖጅዮ ቁልቁለት ኮርቻውን በድሮፐር ዝቅ አድርጎ በመወርወር ነው።

ይህን ያነበበ ወጣት ወዲያው «ድሮፐር!» ሳይል አይቀርም። እኛም ብለን ነበር። ነገር ግን ዋጋው በውጭ አገር ሱቅ እንኳ ከመቶ ዶላር ተነሥቶ ወደ ብዙ መቶ ይወጣል፤ ማጥበቂያው የዚያ ጥቂት እጅ ነው። የዘንጉ ውፍረት 27.2 ወይም 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር እያለ ስለሚለያይ ከቢስክሌቱ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ጭቃው ነው። የአዊ ክረምት የዋዛ አይደለም፤ ቀይ አፈር የቀላቀለ ውኃ ከኋላ ጎማ እየተረጨ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ያርፋል፤ አሸዋ የጎማ ማኅተሙን አልፎ የገባበት ድሮፐር ደግሞ አንድም አልወርድ አንድም አልወጣ ይላል። ያን ጊዜ የመንደር ጠጋኝ በቁልፍና በመዶሻ የሚያደርገው የለም። ማጥበቂያው ቢቆሽሽ በጨርቅ ይጠረጋል።

ዳገቱና ቁልቁለቱ በየመቶ ሜትሩ የሚፈራረቅበት ሰው፣ ይልቁንም ተወዳዳሪ፣ ድሮፐሩን ቢገዛ አንፈርድበትም፤ በየጉብታው መውረድ ያሰለቻል፤ የሰለቸውም ሰው ኮርቻውን ዝቅ ማድረጉን ይተወዋል፤ አደጋውም ያኔ ነው። የወዳጃችን መንገድ ግን እንዲያ አይደለም፤ ደኑ ውስጥ ያለው ረጅም ቁልቁለት አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ መውረድ ይበቃዋል። ስለዚህ ማጥበቂያውን መከርነው። መያዣው ሲዘጋ መዳፍ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ እንዲጠነክር፣ ኮርቻውን ሲያነሣም ዘንጉ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ወሰን እንዳያልፍ አደራ አልን።

ምክራችንን ተቀበለ። አሁን ከደኑ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይወርዳል፤ ዘንጉን በምስማር ወደ ጫረበት መሥመር ያወርዳል፤ እግረ መንገዱንም ፍሬኑን ያያል። ዳንግላ ሲደርስ ታናሽ ወንድሙ ኮርቻውን እስከ ታች ሰድዶ ቢስክሌቱን ይወስድበታል። አንድ ቅሬታ ብቻ አለው፤ ለእርሱ በቀላሉ የሚከፈት ለሌባም ይከፈታልና፣ ገበያ በገባ ቁጥር ኮርቻውን ነቅሎ በብብቱ ይዞ ይዞራል። ቲማቲም ሻጮቹ ለምደውታል አሉ፤ «የኔታ፣ ፈረሱን የት አስረውት መጡ?» ይሉታል።